ከከሰሉ ውስጥ የወጣው ቄጠማ

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ በሕልሜም አላየሁትም።

ሌሊትም አልነበረም። ቀዳም ሥዑር ነው፣ 1964 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቡራዩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔ አወራለሁ፣ የእህቴ የልጅ ልጅ ስልኳ ላይ እየጻፈች ለእናንተ ትልካለች።

"አባባ፣ ሰው ይስቅብሃል እኮ" አለችኝ ቅድም።

ይሳቅ! እኔ ላይ መሳቅ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ቡራዩ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ሰው ብታገኙ፣ ብዙነህ ብሎ የሚያውቀኝ የለም። ብዙነህ ቄጠማ ነው የምባለው። ግንባሩ ላይ ባሰረው ቄጠማ የመንግሥት ሥራ ያበላሸው ሰውዬ።

ያንን ስም ስሰማ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ያሰኘኛል።

ግን አላበላሸሁም...

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ከገፈርሳ ውሃ ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ቪላ ተከራይቶ የድንጋይ ከሰል የሚመረምር ክፍል ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ነጭ ካፖርቴን ለብሼ ስንጎራደድ ያየ ሁሉ ሐኪም ነው የሚለኝ፤ እኔም አላርመውም። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው።

ዛፍም ይሁን ሣር፣ እያንዳንዱ ለመራቢያው የሚበትነው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ አለው። ነፋስ አንስቶ ረግረግ ውስጥ ይጥለዋል። ረግረጉ ከዘመን ብዛት ከሰል ይሆናል። ግንዱ ይጠፋል፣ ቅጠሉ ይጠፋል። የብናኙ ልባስ ግን አይጠፋም። አሲድ እንኳ አይበላውም።

ስለዚህ ከሰሉን ፈጭተን አሲድ ውስጥ እናፈላዋለን። እናጥበዋለን። የቀረችውን ጠብታ መስታወት ላይ አድርገን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ገበሬ አውድማ ላይ የቀረውን ገለባ አይቶ "እዚህ የተወቃው ጤፍ ነው" ይል የለ? እኛም ብናኙን አይተን፣ ሰው ከመፈጠሩ በፊት በዚያ ረግረግ ምን በቅሎ እንደነበር እንናገራለን።

ከሰሉ የመጣው ከሱሉልታ ነው። ኦቦ መገርሳ የሚባሉ ገበሬ ውሃ ፍለጋ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። የሚቆፍረው ታናሽ ወንድማቸው ኢቲቻ ነው። እኩያዬ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። ድንጋዩን በጆንያ አድርጎ እስከ ቡራዩ የሚያመጣልን እሱ ነበር።

"እናንተ ድንጋይ ትቀቅላላችሁ አሉ" አለኝ መጀመሪያ የመጣ ቀን።

"እንቀቅላለን።"

"ጨው እንዳትረሱ!"

ወዲያው ወደድኩት።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እኔ በማወጣው ውጤት ላይ ነበር። ብናኙ በእርግጥ የጥንት ከሆነ፣ ከሰሉ እውነተኛ ከሰል ነው። ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ ኢቲቻ ወርዶ ይቆፍራል፣ እኔም ውጭ አገር ለትምህርት እላካለሁ። አለቃዬ ዶክተር ተሾመ በአፋቸው ቃል ገብተውልኛል። ብናኙ የዛሬ ዘመን ከሆነ ግን የተገኘው ጥቁር ጭቃ ነው። ጉድጓዱ ይደፈናል፣ እኔም ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ እቀራለሁ።

እስከ ስቅለት ድረስ እግዜር ይመስገን ሁሉም አማረልኝ። ከታች የወጡት ድንጋዮች በሙሉ የጥንት ናቸው። ሦስት መስመር ያለበት ክብ ብናኝ፣ ልክ እንደ መርሴዲስ ምልክት። አበባ የማያውቁ፣ ግን የዛፍ ቁመት የነበራቸው ተክሎች ብናኝ ነው። ቀለሙ እንደ ጥቁር ማር። የዛሬ ብናኝ ነጣ ያለ ነው፤ የጥንቱን ያጠቆረው ዘመን ነው።

ያንን ረግረግ በትልቅ ወረቀት ሣልኩት። ጥቁር ውሃ፣ ቅርፊታም ግንዶች፣ ጭጋግ። ሰው የለ፣ ወፍ የለ፣ አበባ የለ። ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ሲያልፉ ሲያገድሙ እንዲያዩልኝ በሩን ገርበብ አደርግ ነበር።

የቀረችኝ ከላይኛው ንብርብር የመጣች አንዲት ድንጋይ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ቄጠማችንን ተቀበልን። እህቴ ማሪቱ ግንባሬ ላይ ልታስርልኝ ብትሞክር አልደርስ አለ።

"ኤዲያ! ይሄ ራስ ነው ወይስ ጋን?"

በአጠገባችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለት ቄጠማ ቀጥላ ማጅራቴ ላይ ቋጠረችልኝ። ማሪቱ ግራኝ ናት። ቋጠሮዋ እንደ ሌላው ሰው አይደለም፣ ወደ ውስጥ ይዞራል።

ይህን ቋጠሮ ያዙልኝ።

በዓሉ እንዳለፈ ዶክተር ተሾመ ሹማምንት ይዘው ይመጣሉ ተብሏል። ስለዚህ ያቺን ድንጋይ ልጨርስ ብዬ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ሄድኩ። አክፍዬ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመስኩም። ቄጠማዬም እንደታሰረ ነው።

በር ላይ ዘበኛው ኦቦ ጎበና ተቀምጠዋል። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጎበና!"

ፊታቸውን አዞሩብኝ።

"ምነው? አኮረፉኝ እንዴ?"

"አሁን ነው ሰላምታ ትዝ ያለህ?"

"ምን አጠፋሁ?"

"ቅድም አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ አልኩህ። እንደ ግንድ ዝም ብለህ አልፈኸኝ ገባህ። ዞር ብለህም አላየኸኝ!"

"ኧረ እኔ አሁን መምጣቴ ነው..."

"ልብስህ በስብሶ። ውሃ እያንጠባጠብክ። ግንባርህ ላይ ያንኑ አስረህ።"

ከዚያ ቄጠማዬን ትኩር ብለው አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"የቅድሙ ግን... ጥቁር ነበር።"

ከሽማግሌ ጋር ምን ክርክር አለ? ባላጠፋሁት አፈርኩ። "ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። 

ገባሁ።

ኮሪደሩ እርጥብ ነው።

የባዶ እግር ዱካ። ከበሩ ጀምሮ እስከ ላቦራቶሪው...

የሚመለስ ዱካ የለም።

"ማነው?" አልኩ።

ዱካውን ተከትዬ ገባሁ። ላቦራቶሪው ባዶ ነው። ቧንቧው ተዘግቷል። ሽታው ግን ብዙ ዘመን ያልተከፈተ ጉድጓድ ሽታ ነው። ከናሙና ቁም ሳጥኑ ጀርባ እንቁራሪት አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

ጾሙ ነው አልኩ ለራሴ። የተማረ ሰው እንዲህ አይፈራም አልኩ። ይኸው ነው የኔ ነገር፤ ከመፍራት ይልቅ መፍራቴን ሰው እንዳያውቅብኝ ነው የምፈራው።

ድንጋዩን አስቀመጥኩ። በመዶሻ መታ አደረግሁት። እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ።

መሀሉ ላይ ክብ ነገር አለ።

ቄጠማ።

ድንጋይ የሆነ፣ ከሰል የሆነ ቄጠማ። የሰው ራስ ያህል ክብ ተደርጎ የታሰረ...

ከክቡ ጥቂት ፍቄ አሲድ ውስጥ ከተትኩ፣ አጠብኩ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበስኩ። የቄጠማ ብናኝ ነው፤ ቅርጹን አውቀዋለሁ። ቀለሙ ግን እንደ ጥቁር ማር ነው። ከእኔ ግንባር የወደቀ ቢሆን ነጭ በሆነ ነበር። ይሄ የጥንት ነው። ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረ።

ተመልሼ ክቡን አየሁ። አንድ ዘለላ አይደለም። ሁለት ቄጠማ ነው፣ የተቀጠለ።

ቋጠሮውን ፈለግሁ።

ወደ ውስጥ ይዞራል።

ማጅራቴን ዳሰስኩ። ጠዋት የታሰረልኝ ቄጠማ ውሃ ያንጠባጥባል። አውልቄ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ልክክ አለ።

በዚያን ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ ተናገረ።

"ደህና አደርኩ... ኦቦ ጎበና..."

የእኔ ድምፅ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ኦቦ ጎበና ክንዴን ያዙኝ።

"ምንድን ነው?"

"ውስጥ... ሰው አለ።"

"ማን?"

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በጣቴ ወደ ላቦራቶሪው ጠቆምኩ።

ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ቆይተው ወጡ።

"ማንም የለም። ና እስቲ እግርህን አምጣ።"

ጫማዬን አስወልቀው፣ እንደ ሕፃን ቁርጭምጭሚቴን ይዘው፣ እርጥቡ ዱካ ላይ አስረገጡኝ። ልኬ ነው። የተጣመመችው ትንሿ ጣቴ ሳትቀር።

"ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ለማንም አትናገር። መሳቂያ ትሆናለህ።"

ድንጋዩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ፋሲካውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ።

በዓሉ አለፈና ዶክተር ተሾመ ሹማምንቱን ይዘው መጡ። ኦቦ መገርሳና ኢቲቻም ውጤቱን ሊሰሙ ተጠርተዋል። ኢቲቻ የክት ጋቢውን ለብሶ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ሥዕል ያያል።

ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ይሄ ቄጠማ ነው" አሉ።

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ከታች ሁሉ ጥንታዊ፣ ከላይ ቄጠማ ብቻ?" ቀና ብለው አዩኝ። "መቼ ነው የሠራኸው?"

"ቅዳሜ።"

"ቀዳም ሥዑር?"

"አዎ።"

"ቄጠማ... አስረህ ነበር?"

አንዱ ሹም ፉት ያለው ሻይ ትን አለው። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊቴ ነደደ። ካፖርቴ እንኳ የሚታየኝ እንደ ተዋስኩት ልብስ ሆነ።

ግን ማስረጃ ነበረኝ። ቀለሙን ደህና አድርገው ይዩልኝ ብል ይበቃል። ድንጋዩን ባመጣላቸው ደግሞ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ። ቁልፌን አወጣሁና ወደ መሳቢያው ሄድኩ።

ኦቦ መገርሳ ከኋላዬ መጡ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ።

"ጌታው፣ ትናንት ከሰዓት ጉድጓዳችን ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?"

"እኔ? ሱሉልታ አልመጣሁም።"

"ከታች ሆነው ኢቲቻን ሲጠሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'ና ውረድ፣ አግኝቼዋለሁ' ይሉታል። ሰላም ብልዎት መልስ የለም። እሱ ገመድ ይዞ ሊወርድ ሲል ጎትቼ አስቀረሁት። ዛሬ ስንመለስ ግን እወርዳለሁ ብሏል... ብዙነህ ጠርቶኝ እንዴት እቀራለሁ ይላል።"

ዞር ብዬ ኢቲቻን አየሁት። ከወዲያ ማዶ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። እመጣለሁ እንደማለት።

ቁልፉን አዞርኩ።

መሳቢያውን ከፈትኩ።

ቅዳሜ ዕለት ክቡ ባዶ ነበር። አሁን ባዶ አይደለም።

ግንባር አለበት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከድንጋዩ ወጣ ያለ። ከሥሩ የተጨፈነ የዓይን ሽፋን። ቅንድቡ መሀል ላይ ተቆርጧል። እኔም ልጅ ሆኜ ከባሕር ዛፍ ወድቄ ቅንድቤ እዚያው ላይ ተቆርጧል...

ድንጋዩ ቅንድቡ ሥር፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ያበቃል። የቀረው ገና መሬት ውስጥ ነው።

ይህን ባሳያቸው የቀረውን ለማውጣት ይቆፍራሉ። ኢቲቻ ነው የሚወርደው።

መሳቢያውን ዘጋሁት።

"አስሬ ነበር!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ቄጠማዬን ሳላወልቅ ነው የሠራሁት። ብናኙን ያራገፍኩበት እኔ ነኝ።"

ዶክተሩ አልተዉኝም። እንደገና ጎንበስ አሉ።

"ቆይ እንጂ... ቀለሙ እኮ ጠቁሯል። የዛሬ ብናኝ እንዲህ አይጠቁርም።"

"አሲዱን አብዝቼ አቃጥዬው ነው፣ ዶክተር።"

"የታችኞቹስ?"

 የታችኞቹ የእጄ ሥራ ናቸው። ንጹሕ ነበሩ።

"ከውጭ ከመጡት የማስተማሪያ ናሙናዎች ጋር ተቀላቅለውብኛል። ፈርቼ ዝም አልኩ። ከሱሉልታ የመጣው ጭቃ ነው፣ ከሰል አይደለም።"

ሄጄ ሥዕሌን ከግድግዳው ላይ ገነጠልኩት።

አሁን ማንም አይስቅም። ዶክተር ተሾመ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንተን ነበር ልልክ ያሰብኩት" አሉ። "አሳፈርከኝ።"

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኢቲቻ ነው ቀድሞ አፉን የከፈተው። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፣ ክፋት የለውም።

"ጨው ረስተሃላ!" አለ።

ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሯል። ኢቲቻ እየሳቀ ነው፣ ደህና ነው፣ አይወርድም። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

ጉድጓዱ በማግሥቱ ተደፈነ። ድንጋዩን በጋቢ ጠቅልዬ ሄድኩና አፈሩ ከመመለሱ በፊት ወረወርኩት። ያ ጉድጓድ ውሃ አላወጣም፣ ደረቅ ነበር። ድንጋዩ ግን ጥልቅ ውሃ ላይ እንደወደቀ ድምፅ ሰጠ... ኢቲቻ አካፋውን እንደያዘ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከዚያ አፈሩን መለሰ።

ከሥራ ተባረርኩ። ሰበታ ሄጄ ፋብሪካ ገባሁ። ስሙ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። "ቄጠማው መጣ!" ይሉኛል። የማሪቱ ባል በማኅበር ፊት ሳይቀር ቀልዶብኛል። ሚስት ሳላገባ፣ ልጅ ሳልወልድ አረጀሁ። ለሚሳቅበት ሰው ልጁን ማን ይድራል?

ኢቲቻ ግን ወለደ፣ ከበደ፣ አምና አልጋው ላይ ሆኖ ሞተ። እስከ መጨረሻው "ቄጠማው ወዳጄ" እያለ ይጠራኝ ነበር። ነገሩን አልነገርኩትም።

ለቅሶው ላይ ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ አጫወተኝ። ጉድጓዱ የነበረበት የድሮው መሬት ተሽጧል። ፎቅ ሊሠራበት በማሽን እየተቆፈረ ነው። "ከሥር ጥቁር ድንጋይ ወጣ" አለኝ።

ዛሬ ቀዳም ሥዑር ነው።

ረፋዱ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በራችን ላይ ሱቅ ያለው ሙሄዲን ጠራኝ።

"ጋሼ፣ ቅድም የገባው ልጅዎ ነው? ቁርጥ እርስዎን እኮ ነው!"

"ማን?"

"አንድ ጎረምሳ። ልብሱ በስብሷል። ሰላም ብለው ዝም ብሎኝ አለፈ።" ቅር ብሎታል። "በእናንተ ቤት እንዲህ አይታወቅም ነበር።"

"ይቅርታ አድርግለት" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ይህን ሁሉ ለዚህች ልጅ የማጫውታት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ከበሩ ጀምሮ ወለሉ እርጥብ ነው፤ እሷ ውሃ የደፋሁ መስሏት ልትወለውል ነበር።

አሁን እየጻፈች ቀና አለች። አንገቴን እያየች ነው።

"አባባ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "ቄጠማውን ማን አሰረልህ?"

ማሪቱ ከሞተች ቆይታለች። ዘንድሮ ቄጠማዬን በእጄ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ያው ጠረጴዛው ላይ ነው። አላሰርኩም።

እጄን ወደ ማጅራቴ ሰደድኩ...

እርጥብ ነው። ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይዞራል።